ከክታብ እስከ ክትባት

«ክታብ» እና «ክትባት» የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን ጽፋችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንደኛው በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ በክር የሚንጠለጠል ጸሎት ነው። ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዘን ልጅ የምናስወጋው ነው። አንዱን «ኋላ ቀር»፣ ሌላውን «ዘመናዊ» ብለን በሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ላይ አስቀምጠናቸዋል። ቋንቋው ግን እንዲህ አልለያቸውም። ሁለቱም የመጡት «ከተበ» ከሚለው ግስ ነው። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ደብተራው ብራና ላይ ይከትባል፤ ፈንጣጣ መካቹ ደግሞ የልጁን ክንድ በምላጭ ጫር አድርጎ ቆዳው ላይ ይከትባል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ልጆች በሽታና ስለ ወላጆች ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጁ ሲታመም እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ዘመን የለም። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያደርጋል። የሚለያየው ሌሊት ላይ ልጁ ሲያተኩሰው እጁ የሚደርስበት ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። አንዳንዴ እጁ የደረሰበት ነገር አዳነ፤ አንዳንዴም ምንም አልጠቀመ፤ አንዳንዴ ደግሞ ገደለ። ዛሬ «አያቶቻችን ያለ ክትባት አድገው የለም እንዴ?» የሚል ወሬ ስልካችን ላይ በሚዞርበት ጊዜ፣ አያቶቻችን በእርግጥ ምን እንዳደረጉና ምን እንደሆኑ ማወቅ ሳይጠቅም አይቀርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁስቋም፣ 1770

በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር በፈንጣጣ ተይዛ ነበር። በሽታው የድሃ ጎጆና የንጉሥ እልፍኝ አይለይም፤ እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቁስቋም ግቢ ውስጥም ልጆች ተኝተዋል። ከታመሙት አንዱ የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ነው። በዚያው ሰሞን ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጎንደር ገባ። ሐኪም አልነበረም፤ ሶርያ ውስጥ ሐለብ ከተማ ሳለ ራስል ከሚባል ሐኪም ወዳጁ ጥቂት ነገር ተምሯል። ያችን ጥቂት ነገር ይዞ ወደ ቁስቋም ተጠራ።

ብሩስ በመጽሐፉ የተወልን ምስል በጣም የታወቀ ነገር ያስታውሳል። የታመመው ልጅ ነፋስ እንዳይነካው በሩም መስኮቱም ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ቤቱ ይጨልማል። እሳት ይነድዳል፣ ሻማ ይበራል፣ ልጁ ላይ ልብስ ይደራረባል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣል። «ብርድ እንዳይገባው!» ነው ነገሩ። ይህን ትእዛዝ ዛሬም አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዋልድባ የመጣ፣ በቅድስናው ስሙ የገነነ መነኩሴም በሕክምናው ውስጥ ነበረበት። ከሕክምናዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ በቆርቆሮ ሰሃን ላይ በቀለም ፊደላት ይጻፋሉ፣ ጽሑፉ በመድኃኒት ውሃ ይታጠባል፣ እጣቢውን በሽተኛው ይጠጣዋል። ልብ በሉ፤ ይህም መክተብ ነው። ቃሉ በአንገት ከመንጠልጠል አልፎ ወደ ሰውነት ውስጥ እንዲገባ ተፈልጓል።

ብሩስ ምን አደረገ? በሩንና መስኮቱን ከፈተ። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ። ልጆቹን ለብ ባለ ውሃና በኮምጣጤ አጠበ። ይኸው ነው። ለፈንጣጣ መድኃኒት አልነበረውም፤ ማንም አልነበረውም፤ በሽታው እስከጠፋበት ቀን ድረስ አስተማማኝ ፈውስ አልተገኘለትም። ሁሉም ሕመምተኛ አልተረፈም፤ ኮንፉ ግን ተረፈ፤ ለብሩስም የቤተ መንግሥቱ በር ተከፈተለት።

እዚህ ላይ «ፈረንጁ አወቀ፣ ሐበሻው አላወቀም» ብሎ መዝለል ቀላል ነው። ግን በዚያው ዘመን አውሮፓም ብዙ ሐኪም የፈንጣጣ በሽተኛን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እሳት አንድዶ፣ በር ዘግቶ ነበር የሚያክመው። የብሩስ እውቀት ለራሱም አገር አዲስ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ መድኃኒት በሌለበትም ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውሃና ልጁን ከመጠን በላይ አለማሞቅ ልዩነት ያመጣሉ። ከ250 ዓመት በኋላም ትኩሳት ላለው ልጅ የጤና ባለሙያ የሚለው ይህንኑ ነው።

ምላጭ የያዙት ሰዎች

ከብሩስ ወደ 35 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ናትናኤል ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ ትግራይ ገባና በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ለዓመታት ኖረ። ፒርስ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ሰዎች ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከፈንጣጣ ለማዳን የሚያደርጉት ነው። ፈንጣጣ ቀለል ብሎ ከወጣበት ሰው ቁስል መግል ይወሰዳል፤ የጤነኛው ልጅ ክንድ በምላጭ ይጫራል፤ መግሉ እዚያ ላይ ይደረጋል። ልጁ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፣ ጥቂት ቁስል ይወጣበታል፣ ይድናል። ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይዘውም።

ይህ ከክትባት በፊት የነበረ ክትባት ነው። ፈንጣጣ አንዴ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ያስተዋለ ሁሉ የደረሰበት ብልሃት ነው፤ ቻይናም ሕንድም ቱርክም ምዕራብ አፍሪካም ያውቁት ነበር። በ1721 ቦስተን በፈንጣጣ ስትታመስ ኮተን ማዘር የተባለው ሰባኪ ዘዴውን እንዲሞክሩት የወተወተው፣ ኦኔሲመስ የሚባል አፍሪካዊ ባሪያው በአገሩ ሳለ እንደተደረገለት ስለነገረው ነው። በዚያ ወረርሽኝ በሽታው በራሱ ከያዛቸው ከመቶ 14 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከተጫሩት የሞቱት ከመቶ 2 ገደማ ነበሩ።

ከመቶ ሁለት። እስኪ ቁጥሩ ላይ ቆም እንበል። ወላጅ ጤነኛ ልጁን ይዞ ሄዶ፣ ከመቶ ሁለት ሊሞት በሚችልበት ነገር ያስጭረዋል። ለምን? ምክንያቱም አማራጩን በዓይኑ አይቷል። ጎረቤት ያለችውን ፊቷ የተበሳሳ ሴት፣ ዓይኑ የጠፋ ወንድሙን፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ልጅ የቀበረውን ሰው አይቷል። አያቶቻችን ያለ ክትባት አልኖሩም። በጣም አደገኛ የሆነውን ክትባት ፈልገው፣ በእግራቸው ሄደው ያስከትቡ ነበር።

ዘዴው ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። የተጫረው ልጅ የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ነው፤ ስለዚህ ለሌላው ያስተላልፋል። አንድ መንደር ሲጫር ጎረቤቱ መንደር ይታመማል። በ1796 ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን ተጠቅሞ ልጅ ሲከትብ የተለወጠው ይህ ነው፤ መከላከያው ተገኘ፣ አደጋው ግን እጅግ ቀነሰ፣ ፈንጣጣን ማስተላለፉም ቀረ።

እኛ ዘንድ ሁለቱ ዘዴዎች ረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖሩ። በ1971 ኢትዮጵያ ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ስትጀምር፣ በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው ተመዘገበ። በአገሪቱ የነበረው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት በመሆኑ የሚገድለው ጥቂት ሰው ነበር። ለዘማቾቹ ግን ይህ ነገሩን አከበደባቸው። ብዙ የማይገድል በሽታ ብዙ አያስፈራም። በደጋው አንዳንድ ቦታ ሰው «እኛ የራሳችን ከታቢ አለን» ብሎ መለሳቸው። በእግርና በበቅሎ፣ መንገድ በሌለበትም በሄሊኮፕተር እየዞሩ የሠሩት ወጣት ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች የገጠማቸው ክትባት የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ሌላ ክትባት የሚያውቅ ሕዝብ ነበር።

አብዮት ፈነዳ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ዘመቻው ግን አልቆመም። ነሐሴ ወር 1976 ላይ፣ በደቡብ ምሥራቅ በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ታመመች። የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ እሷ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ አሊ ማኦ ማሊን የተባለ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ታመመና ዳነ፤ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው እሱ ነው። ማሊን ኋላ ላይ ፖሊዮን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ተቀጥሮ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ወላጆችን ሲያሳምን ኖረ። በ2013 ሲሞትም በዚያው ሥራ ላይ ነበር። በግንቦት 1980 ዓለም ፈንጣጣ ጠፋ ተብሎ ታወጀ።

ለዚህ ነው በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻችሁ ክንድ ላይ የምታዩት ጠባሳ እናንተ ላይ የሌለው። እናንተ ላይ ያለችው ትንሿ ጠባሳ የቢሲጂ፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ናት።

ስም የሆነ ሐዘን

ስለ ድሮ የልጆች ሞት ቁጥር ፈልገን ብዙ አናገኝም። ቆጣሪ አልነበረም። ግን ሌላ መዝገብ አለን፦ ስማችን። ምትኩ። ምትኬ። ካሳ። ካሳሁን። ተካ። ተካልኝ። ማስረሻ። እነዚህን ስሞች በየክፍላችን ሲጠሩ ሰምተን አድገናል፤ ትርጉማቸውን ግን ስንቶቻችን አስበነዋል? ምትክ የሚባለው የሄደ ሲኖር ነው። ካሳ የሚከፈለው የጠፋ ሲኖር ነው። ማስረሻ የሚያስፈልገው የማይረሳ ነገር ላለው ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ከያዘው ልጅ በፊት ስሙ የማይነሳ ሌላ ልጅ ነበር።

ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት እናት ደግሞ «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር። ሾተላይ በሆድም በአራስ ቤትም ልጅ የሚበላ መንፈስ ነው። ለዚህ የሚጻፈው ክታብ የታወቀ ነው፤ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ያለበት። በታሪኩ ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት የምትገድል ክፉ ሴት አለች፤ ሱስንዮስ በፈረስ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። ክታቡ በፍየል ወይም በበግ ብራና ይጻፋል፤ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት የሚለካም ነበረው፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ መሃል ይገባል። እንግዲህ እናቲቱ ምንም አታውቅም ነበር አንበል። አንድ በትክክል ያየችው ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ልጅ ደኅና ይወለዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ቢጫ ሆነው ወይም ሞተው ይወለዳሉ። በሌላ ሴት ላይ ይህ አይደርስም።

የደም ሐኪሞች ምክንያቱን የደረሱበት በ1940 የአርኤች ዓይነት ከተገኘ በኋላ ነው። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ልጅ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆኑ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም እንደ ጠላት ይማራል፤ በሚቀጥለው እርግዝና ያጠቃዋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚከላከል መርፌ አለ። አማርኛው ምን ተባለ? ሾተላይ። ዛሬ ነፍሰ ጡር ሴት ክሊኒክ ሄዳ «የሾተላይ መርፌ» ስትል ሐኪሙም ነርሷም ምን እንደፈለገች ያውቃሉ። መንፈሱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ሕክምናው ወደ እናቲቱ ቋንቋ ገባ እንጂ እሷ ቋንቋዋን አልለወጠችም።

የበሽታዎቹን የአማርኛ ስሞች ብታዩአቸው ሁሉም እንዲህ በቅርብ የተመለከተ ሰው ያወጣቸው ናቸው። ትክትክ፤ ሳሉን ስሙት። ዘጊ አናዳ፤ ጉሮሮ የሚዘጋው። መንጋጋ ቆልፍ። ጆሮ ደግፍ። የልጅነት ልምሻ። የሳንባ ምችም «ምች መታው» ከምንለው ከዚያው ከዳማከሴ ጭማቂው ምች ነው ስሙን የወሰደው። በ1980 ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት መርሐ ግብሯን ስትጀምር የተነሣችባቸው ስድስት በሽታዎች ኩፍኝ፣ ልምሻ፣ ትክትክ፣ ዘጊ አናዳ፣ መንጋጋ ቆልፍና የሳንባ ነቀርሳ ነበሩ። እናቶች ስም ያወጡላቸውን ገዳዮች ነው መንግሥት በዝርዝር የያዘው።

እንጥልና ጥርስ

እስካሁን ያልኩት አያቶቻችንን የሚያመሰግን ይመስላል። ሙሉውን እንናገር ካልን ግን ምላጩ ሌላ ቦታም ውሏል።

ሕፃኑ ሲያስለው፣ ጡት አልይዝ ሲል፣ ሲያስመልሰው፦ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ።» ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው ተቅማጥ ሲይዘው፦ «ጥርሱ ነው፣ ይነቀል።» ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ ከድድ ውስጥ ተፈልፍሎ ይወጣል። ውጤቱ መድማት፣ ቁስል መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሲብስም ሞት ነው። ይህ በብዙ የአገራችን ክፍሎች የኖረ ልማድ ነው፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ለምን ኖረ? ጨካኝ ወላጅ ስለበዛ አይደለም። ሁለት ምክንያት አለው፤ ሁለቱም ዛሬ ስልክ የያዘውን ወላጅ ሊያታልሉ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛው መገጣጠም ነው። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ልጁ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ለመሬት የሚድህበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ነው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያም የሚቀንሰው ያኔ ነው። ተቅማጡ የመጣው ከውሃው፣ ከእጁ፣ ከጡጦው ነው፤ የሚታየው ግን ያበጠው ድድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አብዛኛው የልጅ በሽታ በራሱ የሚድን መሆኑ ነው። ጉንፋን በሳምንት ይለቃል፣ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን እንጥሉ የተቆረጠ ልጅ በአምስተኛው ቀን ቢሻለው፣ ምስጋናው ለቆራጩ ይሆናል። የሞተው ልጅ ደግሞ «ዘግይቶ መጣ» ይባላል። እንዲህ ያለ ሕክምና በልምድ ብቻ ውሸቱ አይጋለጥም። ክፍለ ዘመን ሙሉ «ሲሠራ» ይኖራል።

ለዚህ ነው «ለኔ ልጅ ሠርቶለታል» የሚል ምስክርነት፣ የሚናገረው ሰው ፍጹም ታማኝ ቢሆንም፣ የማይበቃው። ቲክቶክ ላይ ስለ ቅጠል የሚመሰክረው ወጣት እንጥል ስለማስቆረጥ ከምትመሰክረው አሮጊት የተሻለ ማስረጃ የለውም።

ጨው፣ ስኳርና የእናት እጅ

ተቅማጥ ልጅ የሚገድለው ሰውነቱን በማድረቅ ነው። ብዙ ቦታ ወላጅ ያደርግ የነበረው ደግሞ «ውሃ ይጨምርበታል» ብሎ ውሃውን መከልከል ነው። ሆስፒታል የደረሰ ልጅ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠው ነበር። ያልደረሰው ይሞታል።

በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በቦንጋኦን መጠለያ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ የሕፃናት ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀበት። ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠ፤ ሕመምተኛውን እንዲያጠጡ ለእናቶች፣ ለእህቶች፣ ለአባቶች ተነገራቸው። ከመቶ 30 ያህል ይገድል የነበረው ኮሌራ ከመቶ 4 በታች ወረደ። ምስጢሩ ትንሽ ነው፦ አንጀት ስኳሩን ሲወስድ ጨውን አብሮ ይጎትታል፤ ጨው በገባበት ውሃ ይከተላል። በተቅማጥ የተጎዳ አንጀት እንኳን ይህን በር አይዘጋም።

ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለው ፓኬት ይኸው ነው። ሐኪሙ የያዘው ነገር ወደ እናት ማንኪያ ወረደ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ገጠሩ ቤት በስፋት ያደረሰው ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን እዚያው ጤና ኬላ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ሐኪሞች ተጠራጥረው ነበር፤ «እነዚህ ልጆች መድኃኒት ይሰጣሉ?» ተብሏል። ልጆቹ ሰጡ።

በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ 67 ሆነ። መንገድም፣ ትምህርትም፣ ምግብም፣ አጎበርም ድርሻ አላቸው። ግን ከነዚህ መሃል ባለ ማስታወሻ ደብተሯ ሴት በር ማንኳኳቷን መርሳት አይቻልም።

ያላለቀው ኩፍኝ

ፈንጣጣ ጠፋ። ኩፍኝ አልጠፋም። ኩፍኝ በአየር የሚተላለፍ፣ በጣም በቀላሉ የሚይዝ በሽታ ነው፤ የተራበ ልጅ ሲያገኝ ደግሞ ይጨክናል። በ1985 ከረሃቡና ከጦርነቱ ሸሽተው ምሥራቅ ሱዳን ዋድ ኮውሊ መጠለያ የደረሱ ልጆችን በብዛት የገደለው ኩፍኝ ነው። በ2000 በጎዴ ረሃብ የተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሟቾች 22 በመቶውን ኩፍኝ፣ ብቻውን ወይም ከረሃብ ጋር ሆኖ፣ እንደገደላቸው አሳይቷል። እህሉ ከክትባቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሁለቱም አብረው መድረስ ነበረባቸው።

በ2016ቱ ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት 39 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 16 በመቶው አንድም ክትባት አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ማቀዝቀዣው ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጤና ኬላው ተዘረፈ። ያልተከተበ ልጅ ሁሉ እናቱ እምቢ ያለችው አይደለም። አብዛኛው ያልተደረሰበት ነው። «ወላጆችን ማስተማር» የሚለው ንግግር ይህን ሲረሳ ያናድዳል።

ዛሬ ማታስ?

ታሪኩን ይዘን ወደ ቤት እንግባ። ብዙዎቻችሁ ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ ወይም የራሳችሁ ልጅ አለ። ሌሊት ላይ ቢታመም ከላይ ካለው ሁሉ የሚጨመቀው ይህ ነው።

ሲያተኩሰው፦ አትደራርቡበት። ቀለል አድርጋችሁ አልብሱት፣ አየር ይግባ፣ ጡቱን ወይም ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይውሰድ። ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጣል፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ግን ቤት የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ይዛችሁት ሂዱ።

ሲያስቀምጠው፦ ፓኬቱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ፓኬት ከሌለ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉት። ጡትም ምግብም አይቋረጥም። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። ሰገራው ውስጥ ደም ካያችሁ ሂዱ።

ሲያስለው፦ ሳሉን ተዉትና አተነፋፈሱን ቁጠሩ፤ ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱን ገልጣችሁ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባም እንዲሁ። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና ይፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታደርገውም ይህንኑ ነው፤ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች።

በማንኛውም በሽታ፦ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ፍዝዝ ብሎ አልነቃ ካለ፣ ሰዓቱ ስንት ነው ሳትሉ ሂዱ። ጸሎቱም ጸበሉም እየተጓዙ ይሆናል። የእምነት ጉዳይ አይደለም ነገሩ፤ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ሌላ አንድ ወረቀት ደግሞ አለ። እናቶች ከልደት ሰርተፊኬትና ከቤት ውል ጋር በላስቲክ ጠቅልለው፣ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት የክትባት ካርድ። የልጁ ስም ተጽፎበታል፣ ቀኖች ተጽፈውበታል፣ ከክፉ ይጠብቀዋል ተብሎ ይቀመጣል። የኩፍኝ ክትባት በዘጠነኛው ወር አንዴ፣ በአሥራ አምስተኛው ወር ሁለተኛ ይሰጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሯል፣ እናትም ሥራ ገብታለች። ካርዱን አውጥታችሁ ያችን መስመር ተመልከቷት። ባዶ ከሆነች፣ ነገ ጠዋት ይጻፍባት።